በፀሐይ ማሞቂያ ውስጥ ምን ይዙር? ውሃ፣ ግላይኮል ወይስ ናኖ ፈሳሽ

እ.ኤ.አ. በ2012 ኢራን ማሽሃድ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በጠፍጣፋ የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ ውስጥ በሚዞረው ውሃ ላይ በክብደት 0.2 በመቶ የሚሆን እጅግ ደቃቅ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ጨመሩና የሰብሳቢው ብቃት በ28.3 በመቶ ማደጉን ዘገቡ። በዚህ ርዕስ ላይ በሚጻፉ ጥናቶች መግቢያ ላይ ይህ ቁጥር ደጋግሞ ይጠቀሳል። አሥር ሊትር ውሃ ላይ ሃያ ግራም ዱቄት ጨምሮ ከሩብ በላይ ተጨማሪ ሙቀት ማግኘት ማንን አያጓጓም?

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ፈሳሽ መምረጥ ላለባቸው ሰዎች ነው፤ ጣሪያው ላይ ማሞቂያ ሊያስተክል ላሰበ የቤት ወይም የሆቴል ባለቤት፣ ለፋብሪካ ሙቅ ውሃ ወይም እንፋሎት ለሚያስብ መሐንዲስ፣ የመመረቂያ ሥራውን በዚህ ጉዳይ ላይ ለመሥራት ለሚፈልግ ተማሪ። አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ፤ ናኖ ፈሳሽ (እንዲህ ያለ እጅግ ደቃቅ ዱቄት የተበተነበት ፈሳሽ) የሚጠቅመው የማሞቂያው ማነቆ ፈሳሹ ራሱ ሲሆን ነው። በአብዛኞቹ የጣሪያ ማሞቂያዎች ግን ማነቆው ሌላ ቦታ ነው፤ የትኛው ቦታ እንደሆነ ደግሞ በእርሳስና በወረቀት ማወቅ ይቻላል።

ዱቄቱ የሚያደርገውና የማያደርገው

ውሃ ሙቀት ይዞ በመቆየት አቻ የለውም፤ ሙቀት በማስተላለፍ ግን ደካማ ነው። በክፍል ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 0.6 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ነው። ውሃ በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመረው ኤትሊን ግላይኮል ወደ 0.25 ይወርዳል፤ በፋብሪካ የሚሠራበት የሙቀት ዘይት ደግሞ 0.13 አካባቢ ነው። በአንጻሩ አሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) ከ30 ይበልጣል፣ መዳብ 400 ይደርሳል። ጠጣሩን ፈሳሹ ውስጥ በትኖ የፈሳሹን አቅም ማሳደግ የሚለው ሐሳብ ከዚህ የተነሣ ሲሆን ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ለእንዲህ ዓይነቱ ድብልቅ የሚሆነውን ቀመር በ1873 አትሞታል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ችግሩ ሻካራ ዱቄት መዝቀጡና ቧንቧ መፈቅፈቁ ነበር። በ1995 በአሜሪካ አርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ስቴፈን ቾይ ቅንጣቱን ከ100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) በታች ማሳነስን መፍትሔ አድርገው አቀረቡ፤ ናኖ ፈሳሽ የሚለው ስምም ከእርሳቸው ነው።

በቀጣዮቹ ዓመታት ከማክስዌል ቀመር እጅግ የላቁ ውጤቶች ተዘገቡ፤ አዲስ ፊዚክስ ተገኘ እስከመባልም ተደርሶ ነበር። በ2009 ግን ከ30 በላይ የሆኑ ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት ናሙና ተከፋፍለው በየራሳቸው መሣሪያ ለኩ። ውጤታቸው እርስ በርሱ ተቀራራቢ፣ ከአሮጌው ቀመርም ጋር የሚስማማ ሆነ። ተአምሩ የለም፤ ትንሽ ጭማሪ ግን አለ።

ትንሽ ሲባል ምን ያህል ነው? ቅንጣቱ ክብ ከሆነና በይዘት 1 በመቶ ከተጨመረ፣ በቀመሩ መሠረት አሉሚና የውሃን የማስተላለፍ አቅም በ2.85 በመቶ ያሳድጋል። ከአሉሚና አሥር እጥፍ የተሻለ አስተላላፊ የሆነው መዳብ በ2.99 በመቶ ያሳድጋል። ልዩነቱ ኢምንት ነው። ቅንጣቱ ከውሃው በብዙ እጥፍ የተሻለ እስከሆነ ድረስ ጭማሪው ወደ 3 በመቶ ተጠግቶ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ መዳብም ሆነ ወርቅ መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ብቻ ነው። ሲሊካ የማስተላለፍ አቅሙ 1.4 ብቻ ስለሆነ የሚጨምረው 0.9 በመቶ ገደማ ነው። የቅንጣቶችን የማስተላለፍ አቅም በሠንጠረዥ ደርድሮ ከላይ ያለውን መምረጥ በብዙ ጽሑፎች የማየው ዘዴ ነው፤ እንግዲህ ያ ሠንጠረዥ ለምርጫ እምብዛም አይረዳም።

አሁን ወደ 28.3 በመቶ እንመለስ። አሉሚና ከውሃ አራት እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ በክብደት 0.2 በመቶ ማለት በይዘት 0.05 በመቶ ማለት ነው። በማክስዌል ቀመር የሚያስገኘው ጭማሪ 0.15 በመቶ ነው። ተመራማሪዎቹ የለኩትን ለክተው ይሆናል፤ ነገር ግን ልዩነቱን የፈጠረው የተሻሻለ ሙቀት ማስተላለፍ ብቻ ነው ብሎ ለማመን ይከብዳል።

ማነቆውን በወረቀት ላይ መፈለግ

አንድ የተለመደ ጠፍጣፋ ሰብሳቢ እንውሰድ። 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሰሌዳ፣ በየ12 ሴንቲሜትሩ የተበየዱ የ10 ሚሊሜትር ቱቦዎች፣ ከላይ አንድ መስታወት፣ ከሰሌዳው ወደ ውጭ የሚባክነው ሙቀት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ዋት። ውሃው በቀስታ ይፈስሳል። በፀሐይ ምሕንድስና መጻሕፍት ሁሉ የሚገኘውን የሰብሳቢ ብቃት ቀመር ተጠቅሜ ሳሰላው፣ ሰሌዳው ሙቀቱን ለፈሳሹ የማስረከብ ብቃቱ 0.905 ይሆናል። ይህ ቁጥር 1 ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው የተቀበለውን ሳያስቀር አስረክቧል ማለት ነበር።

ከቱቦው ግድግዳ ወደ ፈሳሹ የሚሻገረውን ሙቀት በናኖ ፈሳሽ በ10 በመቶ ብናሻሽለው (ይህም ለጋስ ግምት ነው) 0.905 ወደ 0.909 ያድጋል። ጭማሪው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ፈሳሹ ፍጹም ሆኖ ሙቀት ለመቀበል ምንም ባይቸገር እንኳ ቁጥሩ ከ0.955 አያልፍም። በሌላ አነጋገር በእንዲህ ያለ ሰብሳቢ ላይ የትኛውም ፈሳሽ ሊያመጣ የሚችለው ትርፍ ከ5 እስከ 6 በመቶ ላይ ታጥሯል።

በቱቦዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ከ12 ወደ 8 ሴንቲሜትር ብናጠብበውስ? ያው ቁጥር 0.945 ይደርሳል፤ ከ4 በመቶ በላይ ትርፍ ነው። ተጨማሪ መዳብና ብየዳ ይጠይቃል፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን አይዘቅጥም፣ አይጓጎልም፣ የሚቀየርበት ቀንም የለውም።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከሰሌዳው ቅብ ነው። ተራ ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ጥሩ አድርጎ ይውጣል፤ ግን የዋጠውን ሙቀት በማይታይ ጨረር መልሶ ወደ መስታወቱ ይለቃል። መራጭ የሚባለው ቅብ ብርሃኑን እስከ 95 በመቶ ይውጥና ተራው ቀለም ከሚለቀው ጨረር 5 በመቶውን ገደማ ብቻ ያስወጣል። ሰሌዳው ከአየሩ በ40 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነና የፀሐዩ ኃይል በካሬ ሜትር 800 ዋት ከሆነ፣ ብክነቱ 7 ዋት የሆነው ባለ ተራ ቀለም ሰብሳቢ 40 በመቶ ገደማ ብቃት ሲኖረው፣ ብክነቱ 4 ዋት የሆነው ባለ መራጭ ቅብ ወደ 54 በመቶ ይጠጋል። ሲሶ ያህል ተጨማሪ ሙቅ ውሃ ማለት ነው። ይህን ቅብ በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ እስራኤል ውስጥ ያበለጸገው ሃሪ ታቦር ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዱድ ሼሜሽ» እያሉ በሚጠሩት የጣሪያ ማሞቂያ ላይ የዚህ ሥራ አሻራ አለ፤ አገሪቱም ከ1980 ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት ያለ ፀሐይ ማሞቂያ እንዳይሠራ በሕግ ደንግጋለች። ያ ሁሉ ጣሪያ የሚሠራው ያለ ናኖ ፈሳሽ ነው።

ፈሳሹ ዘይት ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል። በዚያው ሰብሳቢ ውስጥ በቀስታ የሚፈስ ዘይት ብናስገባ ሰሌዳው ሙቀቱን የማስረከብ ብቃቱ ከ0.905 ወደ 0.76 ያሽቆለቁላል፤ የ10 በመቶ መሻሻልም ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ያስገኛል። ማነቆው ወደ ፈሳሹ ሲዛወር ናኖ ቅንጣትም ዋጋ ማግኘት ይጀምራል። ግላይኮል የበዛበት ድብልቅ በሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ከሁሉ በፊት፦ የሚዞረውና የሚቀዳው ውሃ አንድ ነው?

አዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ ከሚታዩት ማሞቂያዎች ብዙዎቹ በባለ ሁለት ንብርብር የመስታወት ቱቦ የሚሠሩ፣ ውሃው ራሱ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሞቆ ወደ ላይኛው ማጠራቀሚያ የሚወጣባቸው ናቸው። እንዲህ ባለው ሥርዓት በፀሐይ የሞቀው ውሃ ያው ከሻወሩና ከወጥ ቤቱ ቧንቧ የሚቀዳው ነው። እዚያ ውስጥ ናኖ ቅንጣት መጨመር አይቻልም። ማንም «የእኔ ዱቄት ጉዳት የለውም» ቢል እንኳ ውሃው በየቀኑ ስለሚቀዳ ዱቄቱ በሁለት ቀን ውስጥ በፍሳሽ ማስወገጃው ወጥቶ ያልቃል። ለእነዚህ ቤቶች የፈሳሽ ምርጫ የሚባል ነገር የለም።

ምርጫ የሚኖረው ዝግ ዑደት ሲኖር ነው፤ ማለትም አንድ ፈሳሽ በሰብሳቢውና በማጠራቀሚያው ውስጥ ባለ ጥምዝ ቱቦ መካከል ብቻ ሲመላለስና ሙቀቱን ለሚቀዳው ውሃ በግድግዳ አሻግሮ ሲሰጥ። ዝግ ዑደትም ቢሆን በፓምፕ የሚሠራና ያለ ፓምፕ የሚሠራ አለ። ያለ ፓምፕ የሚሠራው የሚንቀሳቀሰው የሞቀው ፈሳሽ ከቀዘቀዘው ስለሚቀልል ብቻ ነው። በ40 እና በ60 ዲግሪ ውሃ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት በአንድ ሜትር ከፍታ የሚፈጥረው ግፊት 90 ፓስካል አይሞላም፤ ይህም የአንድ ሴንቲሜትር ውሃ ክብደት እንኳ አይደርስም። በዚህች ግፊት ለሚንቀሳቀስ ሥርዓት ፈሳሹን የሚያወፍር ማንኛውም ነገር ጠላት ነው። ናኖ ፈሳሽ ደግሞ ያወፍራል። ያለ ፓምፕ የሚሠራ ማሞቂያ ያላችሁ ስለ ናኖ ፈሳሽ የሚወራውን በደስታ ማንበብ ትችላላችሁ፤ አታስገቡት።

ፈሳሾቹ አንድ በአንድ

*ንጹሕ ውሃ።* ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩት በእርሱ ነው። ሙቀት በመያዝ የሚስተካከለው የለም፣ ቀጭን ነው፣ ሲፈስ አይበክልም። ደካማ ጎኑ በብርድ መርጋቱና መፍላቱ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ዑደቱ ግፊት ካልያዘ ቶሎ ይተንናል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ውሃው ጠጣር በሆነበት አካባቢ ለዝግ ዑደት መሙያ የተጣራ ውሃ መጠቀም ግድ ነው፤ አለበለዚያ ኖራው ቱቦውን ያጠብበዋል።

*ውሃና ግላይኮል።* ከውሃ የባሰ ሙቀት አስተላላፊና የባሰ ወፍራም ሆኖ ሳለ የሚመረጥበት ምክንያት አንድ ነው፦ በረዶ። ደብረ ብርሃንና መሰል ደጋ ከተሞች ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሰብሳቢው ጥርት ላለ ሰማይ የተጋለጠ ስለሆነ አየሩ ከዜሮ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ እያለም ውስጡ ያለው ውሃ ሊረጋ ይችላል። 20 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል እስከ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ይከላከላል፤ ነገር ግን ከግላይኮሉ ጋር የሚመጣው ዝገት ተከላካይ በቂ መጠን እንዲኖረው ከ25 እስከ 30 በመቶ መጠቀም የተሻለ ነው። ኤትሊን ግላይኮል በጥቂቱ የተሻለ ያስተላልፋል፤ መርዛማ ስለሆነ ግን የሚጠጣ ውሃ አጠገብ ባለ ጥምዝ ቱቦ ውስጥ አላስገባውም።

*አሉሚና፣ ሲሊካና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ።* እነዚህ በገፍ የሚመረቱ፣ በቀለም፣ በማለስለሻና በወረቀት ሥራ የሚታወቁ ኦክሳይዶች ናቸው። ከሦስቱ ብዙ የተጠናው አሉሚና ነው። የሚያስገኘውን ጭማሪ ከላይ አይተናል፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ ሁለት ነው። በይዘት 1 በመቶ አሉሚና በአንድ ኪሎ ፈሳሽ የሚያዘውን ሙቀት በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዝልግልግነቱን አልበርት አይንስታይን በ1906 አውጥቶ በ1911 ባረመው ቀመር ብናሰላ በ2.5 በመቶ ይጨምራል፤ በተግባር ሲለካ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቅንጣቶቹ ይጓጎላሉ። በቀስታ ለሚፈስ ፈሳሽ የሚሠራ ጥሩ መመዘኛ አለ፦ የዝልግልግነቱ ጭማሪ ከማስተላለፍ አቅሙ ጭማሪ አራት እጥፍ ካለፈ ዱቄቱን መጨመር ኪሳራ ነው። የሚገዛ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጠይቅ፤ አንዱ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ለውሳኔ አይበቃም።

ዱቄቱ ሳይዘቅጥ የመረጋጋቱ ነገር ከዚህም ይብሳል። ቅንጣቶቹ ተበታትነው የሚቆዩት ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይዘው ሲገፋፉ ነው፤ ይህ ሙል ደግሞ በፈሳሹ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ላይ ይወሰናል። አሉሚና ሙሉን የሚያጣው ፒኤች 9 አካባቢ ስለሆነ እንዲረጋጋ አሲዳማ ፈሳሽ ይፈልጋል። አሲዳማ ፈሳሽ ለወራት መዳብና ብረት ውስጥ ሲዞር ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ሲሊካ ሙሉን የሚያጣው ፒኤች 2 አካባቢ ስለሆነ በገለልተኛና በመጠኑ አልካላይ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ይረጋጋል፤ ቧንቧ የሚወድደውም ይህንኑ ነው። በሠንጠረዡ ግርጌ የተቀመጠው፣ በማስተላለፍ ደካማው ሲሊካ፣ ለረጅም አገልግሎት ከአሉሚና የተሻለ ዕድል ያለው ለዚህ ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሙሉን የሚያጣው በገለልተኛው አካባቢ ስለሆነ ከሦስቱ አስቸጋሪው እርሱ ይመስለኛል።

*መዳብ ኦክሳይድ፣ መዳብ፣ የብር ማዕድን፣ ወርቅ።* በአጭሩ የማልፋቸው ናቸው። ክብ ቅንጣት እስከሆኑ ድረስ በማስተላለፍ ከአሉሚና እምብዛም አይበልጡም፤ ክብደታቸው ስለሚበልጥ ቶሎ ይዘቅጣሉ፤ ንጹሕ መዳብ በውሃ ውስጥ ኦክሳይድ ይሆናል። የብርና የወርቅ ቅንጣቶች ልዩ ጠባይ ያላቸው ከብርሃን ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት ነው፤ ያም ለተራ ቱቦ ሳይሆን ኋላ ለምንመጣበት ጥቁር ፈሳሽ የሚመለከት ነው።

*የካርቦን ናኖ ቱቦና ግራፊን።* ክብ ቅንጣት ላይ የታጠረውን የ3 በመቶ ጣሪያ የሚያልፉት እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ቀጭን ክር ወይም ቅጠል በመሆናቸው ሙቀቱን ረጅም መንገድ ይወስዱታል። በትንሽ መጠን ትርጉም ያለው ጭማሪ ከተፈለገ ዕጩው ካርቦን ነው፤ በተለይ በዘይት ውስጥ። በውሃ ውስጥ ግን ካርቦን ውሃ ስለማይወድድ ማረጋጊያ ይፈልጋል። ከማረጋጊያዎቹ አንዱ ከግራር የሚገኘው ሙጫ ነው፤ ቦረናና የሶማሌ ክልል ቆላ የሚለቅሙት ዓይነት። ለአገር ውስጥ ተመራማሪ ደስ የሚል ርዕስ ነው፤ ሆኖም ሙጫው ፈሳሹን እንደሚያወፍር፣ ሌሎቹ የሳሙና ዓይነት ማረጋጊያዎችም አረፋ እንደሚያወጡና በከፍተኛ ሙቀት እንደሚበላሹ መዘንጋት አይገባም።

ጥንቃቄም አለ። በ2008 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ረጃጅም የካርቦን ናኖ ቱቦዎች እንደ አስቤስቶስ ያለ ጉዳት ሊያደርሱ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም አንዱን ዓይነት ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች መድቦታል። አደጋው ያለው በአየር ሲተነፈስ ነው። ስለዚህ ደረቅ ዱቄት ገዝቶ በክፍት ባልዲ ማማሰል አይታሰብም፤ በፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል።

*ድቅል ናኖ ፈሳሾች።* ሁለት ዓይነት ቅንጣት ቀላቅሎ የሁለቱን ጥቅም መሰብሰብ ነው ይባላል። አንዱን ማረጋጋት እንዲህ እያስቸገረ ሁለቱን መቀላቀል ለምርምር ጽሑፍ እንጂ ለቧንቧ የሚሆን አልመሰለኝም።

መብራት ሲጠፋ

የላቦራቶሪ ሙከራ ብዙውን ጊዜ የማይጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ፓምፑ ቢቆም ምን ይሆናል? እኛ አገር መልሱ የማይቀር ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ፀሐይዋ ግን አትጠፋም። ጥሩ ቅብ ያለው ጠፍጣፋ ሰብሳቢ ፈሳሽ ሳይዞርበት ሲቀር ከ170 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የቫኩም ቱቦ (ያ ባለ ሁለት ንብርብር የመስታወት ቱቦ) ደግሞ ከ200 ያልፋል። ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ወደ ማስፋፊያ ጋኑ ይሸሻል፤ ቅንጣቶቹ ግን ከእርሱ ጋር አይሸሹም። ቱቦው ግድግዳ ላይ ደርቀው ይጋገራሉ፤ ማረጋጊያውም ይቃጠላል። ፓምፑ ሲመለስ ፈሳሹ እንደገና ይገባል፤ የተጋገረው ግን በራሱ ተመልሶ አይበተንም። ሙቀት ማስተላለፍን ለማሻሻል የገባው ዱቄት ሙቀት የሚከለክል ቅርፊት ሊሆን ይችላል።

የቅንጣት መጓጎልም በሒሳብ ሲታይ ምሕረት የለውም። የመዝቀጥ ፍጥነት ከቅንጣቱ ስፋት ካሬ ጋር ያድጋል፤ 20 ናኖሜትር የነበሩት ቅንጣቶች ተጓጉለው 1 ማይክሮሜትር ከሆኑ የሚዘቅጡበት ፍጥነት 2,500 እጥፍ ይሆናል። ሌሊቱን የቆመ ዑደት ጠዋት ላይ እንደ ከረመ ጠላ አተላው ከታች ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ናኖ ፈሳሽ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከአንዱ ጀሪካን ናሙና በመስታወት ጠርሙስ ቀድቶ፣ በ80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ደጋግሞ አሙቆና አቀዝቅዞ፣ አንድ ወር መደርደሪያ ላይ ያቆየው። ላዩ ጠርቶ ታቹ ከደፈረሰ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም።

ጥቁር ፈሳሽ፦ ሌላ መንገድ

እስካሁን ያወራነው ብርሃኑን ሰሌዳ ስለሚውጥበት፣ ፈሳሹም ሙቀቱን ከሰሌዳው ስለሚቀበልበት ማሞቂያ ነው። ሰሌዳውን አውጥቶ ፈሳሹን ራሱን ጥቁር በማድረግ ብርሃኑን በቀጥታ እንዲውጥ ማድረግም ይቻላል። በ1975 ይህ በጥቁር ቀለም ተሞክሮ ነበር፤ ናኖ ቅንጣት ሐሳቡን አሳደሰው። እዚህ ላይ ናኖ ፈሳሽ በእርግጥ አዲስ ነገር ያመጣል፤ ጥቂት የካርቦን ቅንጣት፣ በይዘት ከመቶኛ በመቶ ባነሰ መጠን፣ በጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ውስጥ አብዛኛውን ብርሃን ለመዋጥ ይበቃል። ከሰሌዳ ወደ ፈሳሽ የሚሻገር ሙቀት ስለሌለ የቱቦው ማነቆ ይጠፋል።

በ2009 የወጣ ስሌት እንዲህ ያለው ሰብሳቢ ከተራው ጠፍጣፋ ሰብሳቢ እስከ 10 በመቶ ሊበልጥ እንደሚችል ገመተ፤ በቀጣዩ ዓመት የታተመ ሙከራ ያገኘው ማሻሻያ እስከ 5 በመቶ ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ከቀደመው 28 በመቶ ይልቅ ግን ይህን አምነዋለሁ።

ለጣሪያ ግን አሁንም አልመርጠውም። ምክንያቱ ውሃና መስታወት ሙቀትን በጨረር ለመልቀቅ ለጋሶች መሆናቸው ነው፤ መራጩ ቅብ የያዘውን የ5 በመቶ ቁጥብነት ፈሳሽ ሊኮርጀው አይችልም። ተራ ፀሐይ ላይ ሁለቱ ይቻቻላሉ፤ ብዙ ጊዜም ቅቡ ያሸንፋል። መስተዋቶች ብርሃኑን በብዙ እጥፍ አሰባስበው አንድ ቦታ ሲያፈሱት ግን የሰሌዳው ገጽ ከፈሳሹ እጅግ ይግላል፣ ብክነቱም ይከፋል፤ የጥቁር ፈሳሽ ቦታው እዚያ ነው።

ለማን የቱ?

የቤት ወይም የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ከሆኑ ገንዘቡን መራጭ ቅብ ባለው ሰብሳቢ፣ በደንብ በተሸፈነ ማጠራቀሚያና ሙቅ ውሃውን ወደ ሻወር በሚያወርደው ቧንቧ ሽፋን ላይ ያውሉት። በደጋ ከሆኑና ዝግ ዑደት ካለዎት ፕሮፒሊን ግላይኮል ይጨምሩ። በበጋ አቧራ መስታወቱን በየጊዜው ማጠብ አይርሱ።

የፋብሪካ መሐንዲስ ከሆኑ ጥያቄው የሙቀት መጠኑ ነው። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችም ሆኑ የጨርቃጨርቅ ማቅለሚያዎች ከሚፈልጉት ሙቀት ብዙው ከ90 ዲግሪ በታች ነው፤ ለዚያ ግፊት የያዘ ውሃ በፓምፕ ማዞር በቂ ነው። ከ150 ዲግሪ በላይ እንፋሎት ተፈልጎ በጎድጓዳ መስተዋትና በሙቀት ዘይት የሚሠራ ሥርዓት ከታሰበ ብቻ በዘይት ውስጥ የተበተነ ካርቦን ለውይይት ይቅረብ። ያኔም ቢሆን በመጀመሪያ የዘይቱን ፍጥነት ጨምሮ ፍሰቱን ማናወጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይሰላ፤ ፓምፕ ከዱቄት ይልቅ የታወቀ ነገር ነው።

ተማሪ ከሆናችሁ ርዕሱ አሁንም ጥሩ ርዕስ ነው፤ ሙከራው ሐቀኛ ከሆነ። ሁለት አንድ ዓይነት ሰብሳቢዎች ጎን ለጎን በአንድ ፀሐይ ሥር ይሥሩ፤ በአንዱ ውሃ፣ በሌላው ናኖ ፈሳሽ ይዙር፤ ከዚያም ይቀያየሩ። በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለው ልዩነት 5 ዲግሪ ከሆነና እያንዳንዱ ቴርሞሜትር በ0.2 ዲግሪ ሊሳሳት የሚችል ከሆነ የብቃቱ ስሕተት ብቻውን 6 በመቶ ይጠጋል፤ 4 በመቶ ተሻሻለ ብሎ መጻፍ ያኔ ትርጉም የለውም። ብቃት ሲሰላ የናኖ ፈሳሹን ሙቀት የመያዝ አቅም እንጂ የውሃውን አትጠቀሙ፤ 1 በመቶ አሉሚና ባለበት ይህ ስሕተት ብቻ 3 በመቶ የሐሰት ትርፍ ይሰጣል። መጠኑ በክብደት ይሁን በይዘት ሳይገለጽ የቀረበ ቁጥርም አይረባም፤ በይዘት 1 የሆነው አሉሚና በክብደት ወደ 4 ይጠጋል። ፈተናው ለፀሐይ ሰብሳቢዎች መፈተኛ በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአይ ኤስ ኦ 9806 መሠረት ቢሆን ውጤቱን ከሌሎች ጋር ማወዳደር ይቻላል። ከሁሉም በላይ ሙከራው ከአንድ ሳምንት ይዝለል፤ ሆነ ብላችሁ እኩለ ቀን ላይ ፓምፑን አጥፉት፣ መልሳችሁ አስነሡት፣ ቱቦውንም በመጨረሻ ቆርጣችሁ ውስጡን ፎቶ አንሡት። ያ ፎቶ ከብዙ ግራፍ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ አይቶ ናኖ ፈሳሽ ለመሙላት የወሰነ ድርጅት ካለ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ያስጽፍ፦ ፈሳሹ በየስንት ጊዜው እንደሚመረመርና እንደሚቀየር፣ እንዲሁም የወጣው አሮጌ ፈሳሽ ወዴት እንደሚወሰድ። የብር ማዕድን ቅንጣት ባክቴሪያ ስለሚገድል ፍሳሽ በባክቴሪያ የሚያጣራውን ጉድጓድ ሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል፤ ካርቦኑም ደርቆ ዱቄት እንዲሆን ሜዳ ላይ አይደፋም። ሻጩ አሮጌውን በራሱ ወጪ መልሶ ለመውሰድ ካልፈረመ የማስወገጃውን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሮ ማወዳደር ነው።